ከክብና ከአራት ማዕዘን ሰው ይሠሩ የነበሩት ጋሽ ከማል

ጋሽ ከማልን ለምታውቁ ሁሉ፣

ጋሽ ከማል ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ዓርብ ንጋት ላይ፣ ሮቤ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። የዚያኑ ዕለት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀብረዋል። ከከተማው ርቃችሁ የምትኖሩና ወሬው ያልደረሳችሁ ካላችሁ በዚህ ጽሑፍ ተረዱ። እኔ ዘመዳቸው አይደለሁም፤ ሃይማኖታችንም አንድ አልነበረም። ጎባ ተወልጄ ያደግሁ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሱቃቸው ውስጥ አስቀምጠው በኮምፒውተር ሥዕል መሥራት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ስለ እሳቸው የሚጽፍ ከእኔ የቀረበ ሰው ይኖራል ብዬ ብጠብቅም እስከ ዛሬ የጻፈ የለም።

ወሬው የደረሰኝ አሁን በማስተምርበት በአንገቱ ከተማ፣ ከትምህርት ቤታችን ግቢ ሳልወጣ ነው። የደወለልኝ ከሱቃቸው ጎን ልብስ የሚሰፋው ጎረቤታቸው ሱልጣን ነበር።

«መምህርት፣ ጋሽዬ ዐረፉ» አለኝ።

«መቼ?»

«ዛሬ ሲነጋ። ከጁምዓ በኋላ እንቀብራቸዋለን። አንቺ አትደርሺም፤ በመንገድ እንዳትቸገሪ።»

እውነቱን ነው፣ አልደርስም ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ የጠዋቱ መኪና ሄዷል። ስልኩን ዘግቼ ወደ ክፍል ተመለስሁ። ልጆቹ ቀለም እየቀቡ ነበር። ከፊታቸው የተዘረጋው ወረቀት ላይ ያለውን ሥዕል የሠሩት ጋሽ ከማል ናቸው። አንዷ ልጅ ቀና ብላ «አረንጓዴው አለቀ» አለችኝ። ሌላ አረንጓዴ ፈልጌ ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን አላስታውሰውም።

ሮቤን የሚያውቅ ሰው፣ ስማቸውን ባያውቅ እንኳ፣ እጃቸውን ያውቃል። ለሠላሳ ዓመት ያህል የከተማውን ታፔላ የጻፉት እሳቸው ነበሩ። የፀጉር ቤቱን መቀስ፣ የሥጋ ቤቱን ቀይ በሬ፣ የወፍጮ ቤቱን ጆንያ በቀለምና በብሩሽ ሠርተዋል። ፊደላቸው ቀጥ ያለና ወፍራም ነበር። ባለቤታቸው አዴ ዘይነባ ቀለም እየበጠበጡ፣ መሰላል እየያዙ አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። በኋላ የባነር ማተሚያው መጣ። ባለሱቁ ሁሉ የቆርቆሮውን ታፔላ እያወረደ የፕላስቲኩን ሰቀለ። በዚያው ዓመት የጋሽ ከማል ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት አዴ ዘይነባ ሞቱ። ሦስቱ ነገር ተከታትሎ ሲመጣባቸው ሱቁን ዘግተው ቤታቸው ተቀመጡ። ሱልጣን እንደነገረኝ፣ ያን ጊዜ ለሶላት ካልሆነ በቀር ከቤት አይወጡም ነበር።

ወደ ሥራ የመለሳቸው አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ነው። አጠገባቸው የነበረ የጽሕፈት ሱቅ ሲዘጋ ባለቤት የነበረችው ሴት ይዛው ከምትሄድ ለእሳቸው ተወችላቸው። መክፈትና መዝጋት፣ ማውስ መያዝ፣ ፋይል ማስቀመጥ አሳየቻቸው። የቀረውን ብቻቸውን ደረሱበት። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ስልሳ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። በግራፊክስ ሶፍትዌሩ ውስጥ መጀመሪያ ያገኙት ክብ መሥሪያውን እንደሆነ አጫውተውኛል። ማውሱን ተጭነው ሲጎትቱት እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው ክብ ግን ድፍን ያለና ንጹሕ ነበር።

«ብሩሽ ያጋልጠኛል» ይሉ ነበር። «ይኸ ግን ክብ ስለው ክብ ይሠራል። የእጄን ነገር ለማንም አይናገርም።»

እኔ የተዋወቅኋቸው ለክፍሌ ግድግዳ የሚሆን ሥዕል ላሳትም ሄጄ ነው። ያን ጊዜ የማስተምረው ሮቤ ነበር። ከኢንተርኔት ያወረድሁትን በፍላሽ ይዤ ሄድሁ፤ ቢጫ ፀጉር ያላት ልጅ ጥርሷን ስትቦርሽ የሚያሳይ ነበር። ጋሽ ከማል መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህች ልጅ የማን ናት?» አሉኝ።

«የማንም አይደለችም። ከኢንተርኔት ነው።»

«ተማሪዎችሽ ያውቋታል?»

«ጥርስ መቦረሽ ነው የማስተምራቸው እንጂ...»

«እሱማ ገባኝ። ነገ ተመለሺ።»

በማግስቱ ስመለስ ስክሪናቸው ላይ ልጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ጭንቅላቷ ክብ ነው። ከኋላው ሌላ ተለቅ ያለ ክብ አድርገው፣ ከታች ቆርጠው ሻሽ አልብሰዋታል። ቀሚሷ ጫፉ የተድቦለቦለ አራት ማዕዘን ነው። አንድ እጅ ሠርተው፣ ቀድተው፣ ገልብጠው ሌላውን እጅ አውጥተዋል። እግሮቿ ላይ የክረምት ቦት ጫማ አለ። ዐይኖቿ ሁለት ነጥብ ናቸው። አፍንጫ የላትም።

«አፍንጫዋስ?» አልኋቸው።

«ልጅ ሲያይሽ አፍንጫውን ታዪያለሽ?» አሉኝና ሥዕሉን በጥፍር ልክ አሳነሱት፤ መልሰው ስክሪኑን እስኪሞላ አተለቁት። ጠርዟ አልደበዘዘም። «ይኸ ነጥብ በነጥብ የተጠራቀመ ሥዕል አይደለም። ቅርጽ ነው። ብታሳንሺውም ብታሳድጊውም ያው ነው። ለደብተርም ለግድግዳም ይሆንሻል።»

ወረቀቱን ክፍል ውስጥ ስለጥፈው አንድ ተማሪ «ይቺ እኛ ሰፈር አለች» አለ። ሌላዋ «ሀዊ ናት» አለች። ስሟ በዚያው ሀዊ ሆኖ ቀረ። ሀዊ ጥርሷን ቦረሸች፣ እጇን ታጠበች፣ ትምህርት ቤት ሄደች፣ ስንዴ ማሳ ውስጥ ወፍ አባረረች። ነፍስ ያለው ነገር መሣላቸው በሃይማኖት ምክንያት ደስ ያላለው ሰው አልጠፋም። ጋሽ ከማል ይህን ከሰሙ በኋላ አንዲት መስመር ሳይነኩ ቆይተው፣ የሚያምኗቸውን አንድ ሼህ ጠይቀው፣ ለሕፃናት ትምህርት መሆኑን አስረድተው፣ ልባቸው ሲያርፍ ቀጠሉ። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ግን አንድም ሥዕል አልሰቀሉም።

እኔም ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየሄድሁ መማር ጀመርሁ። በዕድሜ ልጃቸው ብሆንም «መምህርት» ነበር የሚሉኝ። ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ መቀነስን ነው። እኔ ጥፍር፣ ቅንድብ፣ የቀሚስ አበባ ስጨምር እሳቸው ዝም ብለው ያያሉ። ስጨርስ «አሁን አንድ ነገር አንሺ» ይሉኛል። አነሣለሁ። «ሥዕሉ ፈረሰ?» «አልፈረሰም።» «እንግዲያው መጀመሪያም አያስፈልገውም ነበር። ሌላ አንሺ።» ሲፈርስ እናቆማለን።

አንድ ሳምንት ሀዊ ፈረስ ያስፈልጋት ነበር። የፈረሱ ሆድ ሞላላ፣ አንገቱ ሌላ ሞላላ ሆኖ ወጣ፤ የኋላ እግሩ ግን እንቢ አላቸው። ሱቁን ለሱልጣን አደራ ብለው ጋሪዎቹ ወደሚቆሙበት ወጡ፤ ተከትያቸው ሄድሁ። የሮቤ የከሰዓት ነፋስ አቧራውን እያነሣ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። ጋሽ ከማል አንድ ቡላ ፈረስ ፊት ቆመው አልነቃነቅ አሉ።

ባለጋሪው ቢያይ ቢያይ ግራ ገባው። «አካም ጅርቱ ጋሽ ከማል፣ ፈረስ ሊገዙ ነው እንዴ?» አላቸው።

«አይደለም። የኋላ እግሩ ወዴት እንደሚታጠፍ ልይ ብዬ ነው።»

«ወዴትስ ይታጠፋል?»

«አንተ ስንት ዓመት ነዳኸው?»

ባለጋሪው ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ ፈረሱን አየ፣ እሱም አጠገባቸው ቆሞ ማየት ጀመረ። በመጨረሻ ፈረሱን ቀስ አድርጎ ወደፊት ሳበላቸው፤ መለሰላቸው፤ ደግሞ ሳበላቸው። ጋሽ ከማል በዚያ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው አየሩ ላይ መስመር ሲያሰምሩ ትዝ ይለኛል። ሱቅ ተመልሰን ሁለት ነጥብ ብቻ አንቀሳቀሱ፤ ፈረሱ ቆመ።

የእሳቸውን ነገር ሳስብ ከሁሉ ደጋግማ የምትመጣብኝ ግን ከሲናና ገጠር የመጣችው ሴት ናት። አዴ ሩቂያ ትባላለች። ክረምቱ ላይ የሰባት ዓመት ልጇ ሞታባት ነበር። የልጅቱ ፎቶ የላትም። ሮቤ ውስጥ በኮምፒውተር ልጅ የሚሠራ ሰው አለ ሲሏት በእግሯ መጣች። ያለችውን ሁሉ በኦሮምኛ ነበር የተናገረችው።

«የማላውቀውን ፊት እንዴት ልሥራልሽ?» አሏት ጋሽ ከማል። «የሌላ ሰው ልጅ ሠርቼ ብሰጥሽ ውሸት ይሆንብኛል።»

አዴ ሩቂያ አልተከራከረችም። በርጩማው ላይ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየች። አልሄደችም። ጋሽ ከማልም መሥራት አቃታቸው። ብዙ ቆይተው ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«ስትቆም እንዴት ነበር የምትቆመው?»

ሴትየዋ ቀስ ብላ ተነሣች። ክብደቷን ወደ አንድ እግሯ ጣለች። ግራ እጇን ወደ ኋላ አዙራ የቀኝ ክርኗን ያዘች። ጭንቅላቷን ትንሽ ወደ ትከሻዋ አዘነበለች። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ፊታችን ልጅ ሆና ቆመች። ከዚያ ጋሽ ከማል ወደ ስክሪኑ ዞረው አንድ ክብ ሠሩ፤ ክቡን ትንሽ አዘነበሉት።

ሦስት የገበያ ቀን ተመላለሰች። «አንገቷ ቀጠን ይላል» ስትል አራት ማዕዘኑን ያጠብባሉ። «ቀሚሷ አጥሮባት ነበር» ስትል ጠርዙን ወደ ላይ ይስባሉ። በመጨረሻው ቀን አዴ ሩቂያ ወንበሩን ይዛ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

«ፊቷ አይደለም» አለች። ቆየት ብላ «አቋቋሟ ግን እሷ ናት» አለች።

የታተመውን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ጋሽ ከማል ኮምፒውተሩን አጥፍተው ተቀመጡ። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ልጠይቃቸው ያልደፈርሁትን ጠየቅኋቸው።

«አዴ ዘይነባንስ ለምን አይሠሯቸውም?»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ቀላል ሥዕል የሚሠራው በመተው ነው፣ መምህርት» አሉኝ። «የማላውቃት ልጅ ላይ መተው አይከብደኝም። የዘይነባን ግን ምኗን ልተው?»

ከዚያ ወዲህ ብቸኝነታቸውን ማየት ጀመርሁ። ቀድሞም የነበረ ነው፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። ሮቤ ምን ቢበርድ የሱቃቸውን በር አይዘጉም ነበር። ነፋሱ ወረቀቱን ሲበትንባቸው ድንጋይ ይጭኑበታል እንጂ በሩን አይነኩም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ከዘጋሁት ሰላም የሚለኝ ያልፈኛል» አሉኝ። ምሳቸውን የሚበሉት ከሱልጣን ጋር ነው፤ እሱ ባዛር ሲሄድ አይበሉም። እኔ ልሄድ ስነሣ ሁልጊዜ አንድ የሚያሳዩኝ ነገር ይቀራቸው ነበር። አንዳንድ ቀን ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ አንዳንድ ቀን የጎባው ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብዬ እየሮጥሁ እሄዳለሁ።

ወደ አንገቱ ስመደብ «ሂጂ፤ ጫካ ውስጥ ያሉትም ልጆች ማየት ይወዳሉ» ብለው ሸኙኝ። የሀዊን ፋይል ሁሉ በፍላሽ አድርገው ሰጡኝ። ስማቸውን ከሥር እንዲጽፉ ብለምናቸው «ልጆቹ እሷን ይዩ፤ እኔን ምን ያደርጉኛል?» ብለው እንቢ አሉ። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ እደውል ነበር። በኋላ በየወሩ ሆነ። ለበዓል እመጣለሁ አልኋቸው፤ አልሄድሁም። ክረምቱን እመጣለሁ አልኋቸው፤ ዝናብ ሆነ፣ ሥልጠና መጣ፣ ቀረሁ። እሳቸው «መንገዱ ሳኔቲ አምባ ላይ ጭጋግ ነው፣ አሁን አትምጪ» እያሉ ምክንያቱን ራሳቸው ያመጡልኝ ነበር።

ከመሞታቸው ከወር በፊት በስልኬ አንድ ሥዕል ላኩልኝ። እረፍት ሰዓት ላይ ነበር፤ ልጆቹ ከበውኛል። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ነው። «በጣም ቆንጆ ነው ጋሽ ከማል፣ ለልጆቹ አሳያቸዋለሁ» ብዬ መለስሁ። ጥቂት ቆይቶ መልሳቸው መጣ። «አላየሽውም ማለት ነው። ደህና፣ ሥራሽን ሥሪ» ይላል። ቀልድ መሰለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሲደውሉ ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ስማቸውን ስክሪኑ ላይ አየሁት። ማታ እደውላለሁ ብዬ ተውሁት፤ ማታ ደግሞ ረሳሁት።

ባረፉ በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከአንገቱ ተነሣሁ። ከደሎ መና በኋላ የሐረናን ጫካ ወጥተን፣ ሪራን አልፈን ሳኔቲ አናት ላይ ስንደርስ ጭጋግ ነበር። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ይሄዳል። ስልኬን አውጥቼ ያንን ሥዕል ከፈትሁት። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሽማግሌው እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ የተቀመጡትም በወንበሩ ቀኝ ጫፍ ላይ ነው። ግራው ባዶ ነው። ጋሽ ከማል መቀነስን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ የማያስፈልግ ቦታ አይተዉም። እዚያ ላይ እኔ መጥቼ እንድቀመጥ ፈልገው ነበር። መስመሮቹም እንደ ድሮው አልነበሩም፤ የወንበሩ እግሮች አንደኛው ከሌላው ይረዝማል፤ ጭንቅላቱ ከአንገቱ ተላቅቋል። ይህን ሁሉ በአንድ እይታ ማየት እችል ነበር። የሚያሳዩኝ ነገር ኖሯቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ፣ ታክሲ እንደሚያመልጠው ሰው፣ ሮጬ ነበር።

ሮቤ ስደርስ ለቅሶ ቤቱ ሰው ነበረው። አላህ ይስጣቸው፣ ሰፈሩ አልተዋቸውም። ሱልጣን ከድንኳኑ ጥግ ቦታ ሰጥቶኝ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ማን አብሯቸው ነበር?» አልሁት።

«ማንም። የንጋቱ የሱብሂ ሶላት ላይ ሲቀሩብኝ ሄድሁ። በሩ አልተቆለፈም። ዐርፈው አገኘኋቸው።»

«መታመማቸውን ለምን አልነገርኸኝም?»

ሱልጣን መሬት መሬቱን አየ። «እንዳትነግራት ብለው ነው። ‹ትምህርት ላይ ናት› አሉኝ። ከአራት ወር ወዲህ ሱቅ የወጡት ለአንድ ሥዕል ብቻ ነው። የሽማግሌውን። እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ማውሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር የሚሠሩት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀባቸው። ለማን ነው ስላቸው ‹ለመምህርት፤ እሷ ስታየው ታውቀዋለች› አሉኝ።»



ጋሽ ከማል፣

ለቀብርዎ አልደረስሁም። ለሕመምዎም አልደረስሁም። ሌሎች ሰዎች ስለ ደግነትዎ ሲናገሩ ሰማሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ የምጽፈው ያልመለስሁልዎትን ነው፤ ሌላ የማደርስበት መንገድ የለኝምና። ሥዕልዎን አይቼዋለሁ። ገብቶኛል። ዘግይቼ ነው የገባኝ።

በሚወዱት ሰው ላይ ምን እንደሚተው ቸግሮዎት ነበር። ይኸው እኔንም ቸገረኝ፤ ስለ እርስዎ ስጽፍ ብዙ ነገር ቀረብኝ። ሳቅዎን አልጻፍሁም። በኦሮምኛ ተናድደው በአማርኛ ይቅር ሲሉ አልጻፍሁም። ይቅር ይበሉኝ።

ነገ ክፍል አለኝ። ስምዎን ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፤ ባይፈልጉም እጽፈዋለሁ። ልጆቹ ፊደል እየቆጠሩ ያነቡታል፤ ማን እንደሆኑ ይጠይቁኛል፤ የምችለውን ያህል እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ደወል ሲደወል ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

ደህና ይረፉ፣ አባቴ። በሕይወት ሳሉ በዚህ ስም ጠርቼዎት አላውቅም። አፍሬ ነው።